ልጃችን የምትፈርመው ወረቀት

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ካላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ እዚያ ተምራችሁ ከሆነ፣ የወጪ መጋራት ውል የሚባለውን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ አላነበብኩትም ነበር። የመጋቢ ሚስት ነኝ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፣ ቤታችን በወረቀት የተሞላ ነው፤ ይህን ግን አላየሁትም። እንዳነበው ያደረጉኝ ሁለት እጮኛሞች ናቸው።

ያሆዴ በዓል አልፎ ሰው ወደየሥራው ሲመለስ ነው ለቅድመ ጋብቻ ምክር ወደ ቤታችን የመጡት። እሱ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። እሷ ተመርቃ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥራለች። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን የሚያደርገው አንድ ልማድ አለው፤ ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ይሰጥና «ያላችሁን ገቢና ያለባችሁን ዕዳ ሁሉ ጻፉ፣ ከዚያ ተለዋወጡ» ይላል። ብዙዎች በዚህ ቀን ይስቃሉ፤ አንዳንዶች ያልባቸዋል። እሷ ዕቁቧን ጻፈች። እሱ ለወንድሙ የሚመልሰውን 4,000 ብር ጻፈ። ባለቤቴ ሁለቱንም ወረቀት አየና፣ «የዩኒቨርሲቲውስ?» አላቸው።

ልጁ ሳቀ። «እሱማ የመንግሥት ነው፣ ከደመወዜ ራሱ ይቆረጣል» አለ። እሷ ግን አቀርቅራ ዝም አለች። ቆይታ በለሆሳስ እንደነገረችን፣ ከተመረቀች አራት ዓመት ሆኗታል፤ አሠሪዋ አንድ ቀንም ቆርጦ ለመንግሥት አላስገባላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። በዚህ ምክንያት ዋናው ዲግሪዋ እስካሁን ከተማረችበት ተቋም አልወጣም፤ በእጇ ያለው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በቅርቡ የተሻለ ሥራ አግኝታ «ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት አምጪ» ስትባል ሥራው አመለጣት። ይህን ሁሉ ለእጮኛዋ አልነገረችውም ነበር። «ባለ ዕዳ ናት ብሎ ይተወኛል ብዬ ፈራሁ» ብላ አለቀሰች። ዕዳው ስንት እንደሆነ ስንጠይቃት እሷም አታውቀውም።

ልጁ አልተቆጣም። ይልቅ እኔን የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው፤ «እኔም ከእኔ ስንት እንደቀረ አላውቅም» አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ የተዘጋጁ ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ሁለቱም ባለ ዕዳ፣ ሁለቱም የዕዳቸውን መጠን የማያውቁ!

ለመሆኑ ይህ ውል ምንድን ነው? ቀድሞ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ፕሮግራም የሚማር ሰው ለትምህርቱም ለምግቡም ለመኝታውም አይከፍልም ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ደንብ ይህን ለወጠው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ገንዘቡን ግን በር ላይ አይጠየቅም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል፤ የመጨረሻው ጊዜ 15 ዓመት ነው። ቆርጦ ገቢ የማድረግ ግዴታ የአሠሪው ነው። የእኔ ታናሽ ወንድም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዱ ነበር። «ያኔ 15 ዓመት የሚባለው ነገር የማይደርስ ይመስለኝ ነበር» ይላል ዛሬ ሲያወራ። ደረሰ፣ አለፈም።

ሁሉም በገንዘብ ብቻ አይከፍልም። ደንቡ በመምህርነትና መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል በሚመርጣቸው ሙያዎች ለሚሠለጥኑ፣ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበትን መንገድ ከፍቷል። አስቀድሞ መክፈል ለሚችልም በየዓመቱ መጀመሪያ ሲከፍል 5 በመቶ ቅናሽ እንዲያገኝ ተደርጎ ነበር የወጣው። በእኛ አካባቢ በዚህ የተጠቀመ ቤተሰብ እኔ አላጋጠመኝም፤ ለሠርግ የሚቆጠር ገንዘብ ግን በየመንደሩ አይቻለሁ።

ማን ነው በመንግሥት ወጪ የሚማረው?

ወላጆች ሆይ፣ ብዙ የቤተሰብ ኀዘን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት ወጪ መማር ከ12ኛ ክፍል ለጨረሰ ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተፈታኙ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ ፈተናውም በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ያለፉት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

ከ50 በታች ሆነው በየዓመቱ የሚቆረጠውን ነጥብ ላገኙ «ሬሜዲያል» የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ። የመቁረጫ ነጥቡ ለወንድና ለሴት፣ እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞች የተለያየ ነው። በማካካሻው ፈተና 50 በመቶ ያገኘ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናል። የእኛዋ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ተፈትና ያገኘችው ከመቶ 46 ነበር። ውጤቱ የወጣ ዕለት በቤታችን ለቅሶ የተቀመጥን ይመስል ነበር። አንዲት የእድር ጓደኛዬ «አይዞሽ፣ መጋቢው ሰው ያውቃል፣ ያስገባታል» አለችኝ። እህቴ፣ በዚህ ነገር መጋቢ ሰው ማወቁ አይጠቅምም፤ ሊጠቅምም አይገባም። ልጃችን ማካካሻውን ለወራት ተምራ፣ ተፈትና አለፈች።

ሌላው ስሕተት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ደጃችን ስላለ ልጃችን እዚያ ይገባል ማለት ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ፣ ዱራሜም ካምፓስ ከተከፈተ ወዲህ ይህ አነጋገር በከምባታም በሐድያም ተለምዷል። ምደባው ግን ውጤትንና የተማሪውን ምርጫ አይቶ ከትምህርት ሚኒስቴር የሚመጣ ነው። የሆሳዕና ልጅ ሩቅ አገር ሊመደብ ይችላል፤ የሩቅ አገር ልጅም ሆሳዕና መጥቶ የእኛን ቆጮ ይለምዳል።

በግል ኮሌጅ፣ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም የሚማር ሰው ክፍያው የራሱ ነው። እኔም የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ከፊሉን አጥቢያዬ፣ ከፊሉን አባቴ ባሕር ዛፍ ሸጦ ነው የከፈሉልኝ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ቢሆን በግሉ ከፍሎ የሚማር አለ። ለምሳሌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ከፍለው የሚማሩም ይቀበላል። ስለዚህ ልጃችሁ «ገባሁ» ብሎ ሲደውል፣ እልል ካላችሁ በኋላ «በመንግሥት ነው በግል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበውን ገንዘብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር አሳደገ። ልጆቹ በ22 ብር እንዴት ይበሉ እንደነበር ለሚያውቅ ወላጅ ይህ የምስራች ነው። ነገር ግን ደንቡ ምግብን ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ማድረጉን አትርሱ። ባለቤቴ ካልኩሌተር አውጥቶ እንዲህ አሰላው፦ በዓመት አሥር ወር ቢበላ፣ በ22 ብር 6,600 ብር ነበር፤ በ100 ብር 30,000 ብር ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000 ብር፣ ያውም መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ሳይጨመር። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ምሩቅ 10 በመቶ ማለትም 1,000 ብር ቢቆረጥበት፣ ምግቡን ብቻ ከፍሎ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይከራያል።

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ከገቢ ላይ የሚቆረጥ በመሆኑ፣ ሥራ ላላገኘ ልጅ በር የሚያንኳኳ አበዳሪ የለም። በእኛ አገር ሌላ ዓይነት ዕዳ እናውቃለንና። ስንት ቤት ነው መሬቱን አስይዞ፣ በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ልጁን በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር ተጭነው 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ማላዊ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ ወገኖቻችን አስከሬን ወጣ። ለዚያ መንገድ ሳያመነቱ የሚበደሩ አባቶች፣ ልጃቸው በዩኒቨርሲቲ ለፈረመው ሲጨነቁ ሰምቼ በልቤ ተገርሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ተመርቀው ሥራ አጥተው የተቀመጡትን ሳይ አፌን እይዛለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዓመታቱን ጨርሶም ዲግሪውን አይዝም። እናትየው «ታዲያ ምን ይሁን?» ስትለኝ የምመልሰው አጭር መልስ የለኝም።

እጮኛሞቹ ምን አደረጉ?

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም የየራሳቸውን ሒሳብ ይዘው መጡ። እሱ ከመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ እስካሁን የተቆረጠበትን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፏል። እሷ ወደተማረችበት ሄዳ የፈረመችባቸውን ዓመታት ሁሉ አስደምራ መጣች፤ በአሮጌው የምግብ ሒሳብ ስለተማረች ከፈራችው ያነሰ ሆነ። ከዚያ የሠርጉን በጀት ዘርግተው መሰረዝ ጀመሩ። ቪዲዮው ተሰረዘ። የሚዜዎች ልብስ ተሰረዘ። የመኪናው ኪራይ ላይ ሲደርሱ እሱ ትንሽ ተንቀራፈፈ፤ አንዳንድ ነገር ለወንድ ልጅ ይከብዳል። የእሷ እናት ግን ተከፉ፤ «ልጄ እንደ ሙት ልጅ በዝምታ ትዳራለች ወይ?» ብለው ከእኛም ጋር ለሦስት ሳምንት ሰላም አላሉንም። ባለቤቴ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሉቃስ 14ን ግንብ ሠሪ እያነሣ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸውም «መጋቢ፣ ግንብ አይደለም እኮ፣ ሠርግ ነው» አሉት። መልስ አጥቶ ቡናውን ጠጥቶ ተመለሰ።

ሠርጉ በጥር ተደረገ፤ መኪናው ተከራየ፣ ቪዲዮው ቀረ። ዲግሪዋ የወጣው በግንቦት ነው።

እናንተ ለማግባት የምትዘጋጁ ወጣቶች፣ ስለዚህ ዕዳ የምትነጋገሩት ቀለበት ከመደረጉ በፊት ይሁን። አሠሪያችሁ የግል ከሆነ «እየቆረጣችሁ ገቢ ታደርጋላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም ያዙ። ከሥራ ወደ ሥራ ስትቀይሩ እስከዚያ ቀን የተከፈለውን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። የአንድ ወጣት ደብዳቤ ጠፍቶ የከፈለውን እንደገና ሊጠየቅ ሲል አይቻለሁ።

በእኛም ቤት ዘንድሮ ተራው ደረሰ። ልጃችን የመጀመሪያ ዓመት ውሏን ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይም ሁለቱንም ብሎ የሚያስመርጥ ቦታ አለ፤ ምግቡንም በዓይነት ወይም በጥሬ ገንዘብ ይላል። ግቢው ከቤታችን ሩቅ ስላልሆነ ባለቤቴ «ለምን ከቤት አትመላለስም? ዕዳዋ የትምህርቱ ብቻ ይሆናል» አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጄን በዓይኔ እያየሁ ላስተምራት ነው ብዬ። እሷ ግን «አባዬ፣ እዚህ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ እንግዳ ነው። ቡና የማፈላው እኔ፣ ምጣድ ላይ የምቆመው እኔ። መቼ ነው የማጠናው? 46 ያመጣሁት እኮ እዚሁ ቤት ሆኜ ነው» አለችው።

የመጋቢ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ልጅቷ ያለ ክፋት እውነቱን ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንት ጊዜ ከመጽሐፏ ላይ አስነሥቼ «እንግዳ መጥቷል» ብያታለሁ?

በማግሥቱ ከእራት በኋላ ሦስታችን ተቀመጥን። እሷ ውሉን ጮክ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችልን። መኝታው ላይ ምልክት አደረገች። ምግቡ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች፤ ባለቤቴ ካልኩሌተሩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።