ሰሊጣችንን ለአዲስ ገዢ እንዴት እናስረዳ?

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ ለብዙ ገበሬ ዋና የገንዘብ ምንጭ ነው። በክረምት ይዘራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ይታጨዳል። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ሒሳባቸውን ወዲያው ይፈልጋሉ። በክረምት የተወሰደ ብድርም አለ። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ሰሊጡን እንዳራገፈ መጀመሪያ ለመጣው ነጋዴ ይሸጣል። ሁለተኛ ገዢ ቢኖር ግን ዋጋ ማወዳደር ይቻላል።

አዲስ ገዢ የሚገኘው በማስረዳት ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ሆኖም «ሰሊጣችን ምርጥ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። እንዲህ የማይል ሻጭ የት አለ? የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ከገዢ ፊት ሲቀርብ አራት ነገሮችን እናስብ።

አንደኛ፣ የገዢውን ፍላጎት እንወቅ። ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። አንዱ ገዢ ለዘይት ይፈልገዋል። ሌላው ወደ እስራኤል ይልከዋል፤ እዚያ ተፈጭቶ ጣሂና የሚባል ማባያ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ነጩ ሰሊጥ ይመረጣል። ወደ ጃፓን የሚልክ ደግሞ የተባይ መድኃኒት ቅሪት እንዳይኖርበት ይጠነቀቃል። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት «ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?» ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ ናሙና እናሳይ። ናሙናው ከብዙ ጆንያ፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ይወሰድ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሰሊጥን ደረጃ የሚሰጠው ናሙና መርምሮ ነው። ጥሩውን ከላይ አድርገን አፈር ያለበትን ከሥር ብንደብቅ ገዢው ጆንያውን ሲገለብጥ ይደርስበታል። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ማታለል የማኅበሩን ሁሉ ስም ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ በቁጥር እንናገር። ለምሳሌ ከ100 ኪሎ ውስጥ 5 ኪሎው አፈርና ገለባ ነው እንበል። እንዲህ ከሆነ 200 ኩንታል የገዛ ሰው 10 ኩንታል ቆሻሻ ገዛ ማለት ነው። የመኪና ኪራይም ይከፍልበታል። ነዶውን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ካራገፍን አፈሩ ይቀንሳል። ይህን ለገዢው እንንገረው፦ «200 ኩንታል አለን። በሸራ ላይ ተራግፏል፤ ሁለት ጊዜ ተበጥሯል። ይኸው ናሙናው፤ ጆንያውንም የፈለጉትን ከፍተው ይዩ።» ይህን የሰማ ገዢ የሚያገኘውን ጥቅም ራሱ ያሰላል።

አራተኛ፣ የማንችለውን ቃል አንግባ። 200 ኩንታል ይዞ 500 አቀርባለሁ ማለት «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ከመሄዳችን በፊት በስብሰባ እንነጋገር። ዝቅተኛው ዋጋችን ስንት ነው? ማን ይናገራል? የተመረጠው ሰው ሲናገር ሌላው በመካከል ገብቶ ዋጋ አይቀንስ።

ገዢው እሺ ካለ ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር። ኩንታሉ፣ ጥራቱ፣ ዋጋው፣ የርክክቡና የክፍያው ቀን፣ ኪራዩን የሚከፍለውም ይጻፍ። ከዚያ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎቻችን እንከታተል። ፊደል የቆጠርነው ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና ሳናነብ አንፈርም።