ኮምፒውተሩ ‘ሥራህ ወቅታዊ ነው’ ሲል ምን ማለቱ ነው? የሩቅ ቅርንጫፎችን የመከታተል ነገር

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ተቀምጦ አዲስ አበባ ካለች ባልደረባው ጋር አንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ አለ እንበል። ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቶ ጊት የተባለውን ፕሮግራም ሲጠይቅ፣ የእርሱ ቅጂ ከጋራው ቅጂ ጋር እኩል መሆኑን ይነግረዋል። ተማምኖ ሥራውን ይጀምራል።

ባልደረባው ግን እሁድ ማታ አራት ለውጦችን ወደ ጋራው ሰርቨር ልካ ነበር።

ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ የሚያውቀውን ተናገረ። የሚያውቀው ግን ባለሙያው ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘበት በአርብ ዕለት የነበረውን ነው። ይህ ትንሽ የምትመስል ልዩነት በመላው ዓለም የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ግራ ስታጋባ፣ አንዳንዴም የሰው ድካም ስታጠፋ ኖራለች።

ጊት ምንድን ነው?

ጊት በኮድ ላይ የሚደረግን እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ እና ለምን እንዳደረገው መዝግቦ የሚያቆይ ሥርዓት ነው። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን የጀመረው እአአ በሚያዝያ 2005 ነው። የሊነክስ ባለሙያዎች እስከዚያ ድረስ ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ፕሮግራም በነፃ መሰጠቱ በመቋረጡ ምትክ አስፈልጎ ነበር።

ጊት ከቀደሙት በርካታ ሥርዓቶች የሚለየው እያንዳንዱ ባለሙያ የሥራውን ሙሉ ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር እንዲይዝ በማድረጉ ነው። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት መሥራት፣ ለውጥ መመዝገብ እና የቆየውን ታሪክ ማገላበጥ ይቻላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች ‘ብራንች’ ወይም ቅርንጫፍ ይባላሉ። አንዱ ባለሙያ የክፍያ ገጹን፣ ሌላዋ የመመዝገቢያ ቅጹን በየራሳቸው ቅርንጫፍ ሠርተው ኋላ ላይ ያዋህዱታል።

ከናይሮቢ ወደ ዓለም

ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ በኪሊማኒ አካባቢ የሚገኝ ሠፈር ነው። ከዚያ ብዙም በማይርቀው የንጎንግ መንገድ ላይ እአአ በ2010 አይሃብ የተሰኘው የቴክኖሎጂ ማዕከል ተከፍቶ የከተማዋ ወጣት ባለሙያዎች መሰብሰቢያ ሆኗል።

ለማዕከሉ መመሥረት ምክንያት የሆነው ኡሻሂዲ ነው። ስሙ በስዋሂሊ ‘ምስክርነት’ ማለት ሲሆን፣ የታኅሣሥ 2007ቱን የኬንያ ምርጫ ተከትሎ ሁከት በተቀሰቀሰበት ወቅት፣ በ2008 መጀመሪያ የተፈጠረ ድረ ገጽ ነው። ዜጎች ያዩትን በስልክ መልዕክትና በኢሜይል ሲልኩ ካርታ ላይ ይሰፍር ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ኦሪ ኦኮሎ፣ ጁሊያና ሮቲች፣ ኤሪክ ኸርስማን እና ዴቪድ ኮቢያ ይገኙበታል።

የኡሻሂዲ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በሌላ አህጉር የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ተገልግለውበታል። በተለያዩ አገራት ያሉ ሰዎች አንድን ኮድ በጋራ ሲነኩት ግን፣ ‘ሌላው ሰው የት ደርሷል?’ የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ይሆናል።

ሦስቱ ቅርንጫፎች

ብዙዎች ሁለት ነገሮች ብቻ ያሉ ይመስላቸዋል፤ የእነርሱ ቅጂ እና ሰርቨሩ ላይ ያለው ቅጂ። በእርግጥ ያሉት ግን ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ባለሙያው የሚሠራበት፣ ለምሳሌ ‘ሜይን’ የሚባለው የራሱ ቅርንጫፍ ነው። ሁለተኛው ሰርቨሩ ላይ ያለው ‘ሜይን’ ነው። ሦስተኛው ‘ኦሪጂን/ሜይን’ ተብሎ የሚጠራው ነው። ‘ኦሪጂን’ ጊት ኮዱ ለተቀዳበት ሰርቨር በልማድ የሚሰጠው ስም ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። ስሙ የሰርቨሩን ቢመስልም የሚገኘው በባለሙያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከውጭ አገር የተላከ የሕፃን ፎቶግራፍ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ዓይነት ነው። ልጁ እዚያው ያድጋል፤ ሌላ ፎቶ እስኪላክ ድረስ ግን ግድግዳው ላይ ያለው የሦስት ዓመት ሕፃን እንደሆነ ይቀራል።

‘ጊት ስታተስ’ የሚባለው ትዕዛዝ ‘ወቅታዊ ነህ’ ሲል የሚያነጻጽረው ከሰርቨሩ ጋር ሳይሆን ከዚህ ፎቶግራፍ ጋር ነው።

ማምጣት እና መቀላቀል

ፎቶውን የሚያድሰው ‘ጊት ፌች’ የተባለው ትዕዛዝ ነው። ከሰርቨሩ አዲሱን ሁሉ ያመጣል፤ ባለሙያው የሚሠራበትን ፋይል ግን አይነካም። ‘ጊት ፑል’ ደግሞ አምጥቶ ወዲያውኑ ከሥራው ጋር ይቀላቅላል። አስቀድሞ ማየት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ይጀምራል።

አንድ ቅርንጫፍ የትኛውን የሩቅ ቅርንጫፍ እንደሚከታተል አንድ ጊዜ ከተነገረው ጊት ያስታውሰዋል። አዲስ ቅርንጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ ‘ጊት ፑሽ’ ላይ ‘ዩ’ የተባለችውን ምልክት መጨመር ይህንን ትስስር ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ጊት ባለሙያው በስንት ለውጥ እንደቀደመ ወይም ወደኋላ እንደቀረ ይነግረዋል፤ የሚቆጥረው ግን አሁንም ከፎቶው ተነስቶ ነው።

መስመር ሲቋረጥ

በምሥራቅ አፍሪካ ፎቶው የሚያረጅባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። እአአ በግንቦት 2024 ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች ተጎድተው ኬንያን ጨምሮ በበርካታ አገራት ኢንተርኔት ተስተጓጉሏል። በኢትዮጵያ ደግሞ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምጻዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ጊት ሥራን አያስቆምም። ሁለቱም ወገኖች ለውጣቸውን በየኮምፒውተራቸው መመዝገብ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለቱ መስመሮች እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ በየማያ ገጻቸው ላይ ያለው ‘ኦሪጂን/ሜይን’ም ስለ ሌላው ወገን አዲስ ወሬ የለውም።

አደጋው የት ላይ ነው?

መስመሩ ሲመለስ የናይሮቢው ባለሙያ ሥራውን ለመላክ ሲሞክር ሰርቨሩ አይቀበለውም፤ እርሱ የሌለው ለውጥ እዚያ አለና። ይህ እምቢታ ጥበቃ ነው። ትክክለኛው መንገድ አዲሱን አምጥቶ፣ ከራስ ሥራ ጋር አስታርቆ እንደገና መላክ ነው።

የቸኮለ ሰው ግን ‘ፎርስ’ በሚለው አማራጭ በግድ ይልካል። ያን ጊዜ የባልደረባው አራት ለውጦች ከጋራው ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ። ‘ፎርስ ዊዝ ሊዝ’ የተባለው የተሻለ አማራጭ፣ ሰርቨሩ ከፎቶው የተለየ ሆኖ ካገኘው ይከለክላል። ይሁንና አንዳንድ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ባለቤቱ ሳያውቅ ፎቶውን ከበስተጀርባ ስለሚያድሱት እርሱም ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ተስፋ ግን አይቆረጥም። ለውጦቹን የሠራችው ባለሙያ ቅጂ በራሷ ኮምፒውተር ላይ አለ። ‘ሪፍሎግ’ የሚባለው መዝገብም ከቅርንጫፍ የተነጠሉ ለውጦችን፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ለ30 ቀናት ያህል ያስታውሳል።

ልማዱ ቀላል ነው። ሥራ ከመጀመር በፊት ማምጣት፤ ከመላክ በፊትም እንደገና ማምጣት፤ በግድ ከመላክ በፊት ደግሞ ባልደረባን በስልክ መጠየቅ። ሰርቨሩ ላይ የተሰረዙ ቅርንጫፎች ስማቸው እዚህ እንዳይቀር ‘ፕሩን’ የሚለውን አማራጭ ከ‘ፌች’ ጋር መጠቀምም ይረዳል።

የሁርሊንግሃሙ ባለሙያ ያን ሰኞ አስቀድሞ ‘ፌች’ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ አራቱን ለውጦች ቡናው ሳይቀዘቅዝ ባያቸው ነበር።