የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበረሰቦች የሥነ ምግባር ደንብ

የሥነ ምግባር ደንብ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ውስጥ ተሳታፊዎች እርስ በርስ እንዴት መነጋገርና መሥራት እንዳለባቸው፣ እንዲሁም ደንቡ ሲጣስ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ማንም ሰው ኮዱን ማየት፣ መጠቀም፣ ማሻሻልና መልሶ ማሰራጨት የሚችለው ሶፍትዌር ነው። ሊኑክስ፣ ፋየርፎክስና ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የሶፍትዌሩ ፈቃድ በኮዱ ምን ማድረግ እንደሚቻል ሲወስን፣ የሥነ ምግባር ደንቡ ግን ኮዱን የሚጽፉትን ሰዎች ግንኙነት ይመለከታል።

ያስፈለገበት ምክንያት

የአንድ ፕሮጀክት ተሳታፊዎች ብዙውን ጊዜ በተለያየ አገር የሚኖሩና በአካል የማይተዋወቁ ናቸው፤ ብዙዎቹም ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ስለዚህ ስድብ ወይም ንቀት የደረሰበት ሰው አቤት የሚልበት አለቃ ስለሌለው በዝምታ ሊወጣ ይችላል። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት፣ ከመላሾቹ 18 ከመቶ የሚሆኑት መጥፎ ነገር በራሳቸው ላይ እንደደረሰ፣ 50 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ እንዳዩ ገልጸዋል። ይህ ከደረሰባቸው ወይም ካዩት መካከል 21 ከመቶው በዚህ ምክንያት በአንድ ፕሮጀክት መሳተፍ አቁመዋል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኡቡንቱ የሥነ ምግባር ደንብ በመያዝ ከቀደሙት ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮራሊን አዳ ኤምኪ «ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት» (የአበርካቾች ቃል ኪዳን) የተባለውን ደንብ አዘጋጀች። ማንኛውም ፕሮጀክት ወስዶ ሊጠቀምበት ስለሚችል በስፋት ተሰራጭቷል። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሁሉም ፕሮጀክቶቹ የሚያገለግል ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ይፋ አድርጓል፤ ይህም አማርኛ ውክፔዲያን ይጨምራል።

የሊኑክስ ከርነል

የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ ደካማ ነው ያለውን ኮድ ብቻ ሳይሆን የጻፈውን ሰው ጭምር በኃይለ ቃል በመዝለፍ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከርነሉ አጭር የግጭት መመሪያ ቢያወጣም፣ ተፈጻሚነቱ ደካማ ነው ተብሎ ተተችቷል። በሴፕቴምበር 2018 ቶርቫልድስ ስለ አነጋገሩ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል አለ፤ በዚያው ጊዜ መመሪያው በኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት ተተካ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የደንቡ ኮሚቴ ሌላውን ተሳታፊ የዘለፈና በይፋ ይቅርታ ያልጠየቀ አንድ የፋይል ሥርዓት አልሚ በከርነሉ 6.13 ዙር ያለው ተሳትፎ እንዲገደብ ወስኗል።

ይዘትና አፈጻጸም

አብዛኞቹ ደንቦች የሚፈለገውን ጠባይ፣ የተከለከለውን፣ አቤቱታ የሚቀበለውን አካልና የሚወሰደውን እርምጃ ይዘረዝራሉ። ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት በ2.0 እትሙ እርምጃዎቹን በአራት ደረጃ ከፍሎ ነበር፦ እርማት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጊዜያዊ እገዳና ቋሚ እገዳ። አቤቱታ የሚሰማ ሰው ያልተመደበለት ደንብ ፋይሉ በፕሮጀክቱ ውስጥ ቢኖርም ለተበደለው ሰው የሚፈይደው ነገር የለም። አቤቱታው በራሱ በፕሮጀክቱ መሪ ላይ ሲሆንም የሚሰማው አካል ከመሪው የተለየ መሆን ይኖርበታል።

ከእድር ደንብ ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ለሚኖር አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ አካባቢዎች ጎረቤቶች በፈቃዳቸው እድር ያቋቁማሉ። ደንቡ ወርኃዊ መዋጮውን፣ ዳኛውና ጸሐፊው እንዴት እንደሚመረጡ፣ ከቀብር የቀረ አባል ስንት እንደሚቀጣ ይወስናል። ሁለቱም በበጎ ፈቃድ የተሰባሰቡ ሰዎች ራሳቸው ያወጧቸው ሕጎች ናቸው። ልዩነቱ የእድር አባላት በየቀኑ የሚተያዩ መሆናቸው ነው፤ የተጣሉትን ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፣ ይሉኝታም አንደበትን ይገታል። በጽሑፍ ብቻ የሚገናኙ የኮድ ጸሐፊዎች ግን ይህ ስለሌላቸው ሌላው ቦታ በልማድ የሚታወቀውን ጭምር በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋቸዋል።

ትችት

አንዳንድ አልሚዎች ሰው መመዘን ያለበት በኮዱ ጥራት ብቻ ነው ሲሉ ደንቦቹን ይቃወማሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ «ተገቢ ያልሆነ ጠባይ» ያሉ ቃላት ለትርጉም ክፍት ስለሆኑ ኮሚቴው ያለ አግባብ ሊጠቀምባቸው ይችላል ብለው ይሰጋሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው በስድብ ምክንያት ከፕሮጀክት የወጣ ሰው ሊጽፈው የነበረው ኮድ በምንም ሚዛን ሊመዘን እንደማይችል ይከራከራሉ።