የሞተ ሰው ሹመት፦ ከግራዝማች አፈወርቅ ወደ ደጃዝማች አፈወርቅ

አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ኦጋዴን ውስጥ በቆራሄ ምሽግ ሲቆስሉ ግራዝማች ነበሩ። የታሪክ ጽሑፎች ግን ብዙውን ጊዜ ደጃዝማች ይሏቸዋል። ይህ የጸሐፊዎች ስሕተት አይደለም፤ ማዕረጉን የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የተሰጠውም ከሞቱ በኋላ ነው። እኚህ ሰው እንግዲህ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ባልተጠሩበት ስም ይታወሳሉ ማለት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሹመቱ ምን እንዳስታወሰና ምንን ከዕይታ እንዳራቀ ይመረምራል።

በዘመኑ ሥርዓት ማዕረግ ከሥራ ተነጥሎ የሚሰጥ ጌጥ አልነበረም። ግራዝማች የግራው ክንፍ አዝማች፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ፊታውራሪ የግንባሩ መሪ መሆናቸውን ስማቸው ራሱ ይናገራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሞቹ ከሰልፉ ቦታ ቢላቀቁም ሹመት ጭፍራንና ግዛትን፣ በሸንጎም የመቀመጫ ተራን ያስከትል ነበር። ከግራዝማች እስከ ደጃዝማች ባለው መንገድ ቀኛዝማችና ፊታውራሪ አሉ። ጭፍራ መምራትም ሆነ ግዛት ማስተዳደር ለማይችል ሟች እነዚህን ሁለቱን አዘልሎ ደጃዝማችነትን መስጠት ማዕረጉን ከሥራ ወደ መታሰቢያ መለወጥ ነበር።

እንዲህ ያለው መታሰቢያ በነባሩ ልማድ ውስጥ ቀላል ቦታ አልነበረውም። ጀግንነት በቀደመው ሥርዓት የሚታወቀው ጀግናው ራሱ በጌታው ፊት ቀርቦ ሲፎክር ነው። የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ግዳዩን ያቀርባል፤ ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል ወይም ይከራከሩታል፤ ሽልማቱም የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። የወደቀ ወታደር ግን መፎከር አይችልም። ለእርሱ የቀረለት ለቅሶው ነው። በለቅሶው ላይ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፤ ጋሻና ጦሩ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ይታያሉ፤ አልቃሿ በሙሾ ታነሣዋለች። ቀጥሎ ተዝካሩ፣ ከዚያም ሙት ዓመቱ ይመጣል። ይህ ሁሉ የቤተ ዘመድና የአገር ልጅ መታሰቢያ ነው፤ መንግሥት በቦታው ቢገኝ እንኳ እንደ ለቀስተኛ ነው። ስለዚህ የሟች ጀብዱ ከዘመድ ክበብ ወጥቶ የመንግሥት ነገር እንዲሆን ጀብዱውን ያየ፣ ያየውንም ለሚሰማው ወገን ያደረሰ ምስክር ማስፈለጉ አይቀርም።

የቆራሄ ጀብዱ ምስክር ያገኘው በቦታው ጠባይም ምክንያት ይመስላል። ቆራሄ በፋፈን ሸለቆ የሚገኝ፣ ቀደም ሲል የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ደርቪሾች ያነፁት ምሽግ የነበረበት ስፍራ ነው። ከኢጣሊያ ሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋና ሐረር ለሚያስበው የግራዚያኒ ጦር ቆራሄን ሳይዝ ማለፍ አስቸጋሪ ነበር። ግራዝማች አፈወርቅ ጦሩን አስቆፍረው፣ ሥርዓት አስይዘው ይጠብቁ ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር በተቃረበበት ወቅት ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲር ወደ ኦጋዴን ወርዶ አይቷቸዋል፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም በአድናቆት ጽፎላቸዋል። የውጭ ጋዜጠኛ ያየው ምሽግ ካላየው ምሽግ ይልቅ በታሪክ ደምቆ መቅረቱ የኦጋዴንን ግንባር የሚያጠና ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። በጥቅምት መጨረሻ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቆራሄን በተደጋጋሚ ደበደቡ። ምሽጉ የነበረው የአየር መከላከያ አንድ ኦርሊኮን መድፍ ሲሆን አዛዡ ራሳቸው ከመድፉ ጀርባ ሆነው ይተኩሱ ነበር። በዚህ መካከል ክፉኛ ቆሰሉ። ወደ ሐረር ሄደው እንዲታከሙ ቢለመኑም እምቢ አሉ፤ እርሳቸው ምሽጉን ከለቀቁ ወታደሩም ይለቃል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ቁስሉ መረቀዘ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሞቱ። የፈሩትም ደረሰ፦ ጦሩ ምሽጉን ትቶ ወጣ፤ ኢጣሊያኖችም ያለ ብዙ ውጊያ ገቡ።

እምቢታቸው ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ብርቱ ልብ ማስረጃ ነው። ልበ ብርቱነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን እምቢታው ከድፍረት በተጨማሪ የሠራዊቱን ጠባይ ያወቀ ሰው ውሳኔም ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ድል ሊያደርግ ተቃርቦ ሳለ የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል በተሰማ ጊዜ ሰልፉ ፈርሶ ድሉ ወደ ሽንፈት ተለወጠ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ግን ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ አዝማቾች ወድቀው ሠራዊቱ አልተበተነም፤ ከእነርሱ በላይ ምኒልክ በሜዳው ነበሩና። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ወታደሩ የተሳሰረው ከተቋም ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነበር፤ ሰውየው ሲወድቅም የሚተካው ሌላ ሰው በዓይን መታየት ነበረበት። በቆራሄ ከአፈወርቅ በላይ ያለው አዛዥ የደቡቡ ግንባር መሪ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ቢሆኑም በምሽጉ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ቁስለኛው አዛዥ የምሽጉን ዕድሜ በራሳቸው ዕድሜ ለክተውታል ማለት ይቻላል። ጦሩን ያጸና የነበረው የእርሳቸው በቦታው መገኘት ራሱ ምሽጉን በአንድ ሰው ትንፋሽ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። ሹመቱ የመጀመሪያውን ያወሳል፤ ሁለተኛውን ግን አያነሣም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ችግር አለ። አዛዡ ከፍ ባሉ ቁጥር «አዛዣቸው ሲሞት የሸሹት» የተባሉት ወታደሮች ዝቅ ይላሉ። የቀጣዮቹ ቀናት ታሪክ ግን ይህን ፍርድ አይደግፍም። ከቆራሄ ያፈገፈገውን ጦር እያሳደደ የመጣው የማሌቲ የሞተር ጦር በኅዳር መጀመሪያ ሐማንሌይ አጠገብ ከኢትዮጵያ ጦር ደፈጣ ላይ ወደቀ። ታንኮች በእጅ ተሰናከሉ፤ አሳዳጁም ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ ጦር አውሮፕላን በሚመላለስበት ምሽግ ውስጥ አለ መሪ ተቀምጦ መደብደብን ቢጠላም፣ ቁጥቋጦ ባለበት ሜዳ ታንክ ፊት ለፊት መግጠምን አልፈራም። ልዩነቱ ከጀግንነት ይልቅ ከውጊያው ዓይነት የመነጨ ነው። የሐማንሌይ ተዋጊዎች ስም ግን ከቆራሄው አዛዥ ስም ጋር ሲነጻጸር እምብዛም አይነሣም፤ የብዙዎቹም ጨርሶ አልተመዘገበም።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር በአውሮፕላን ወደ ጅጅጋ መሄዳቸው በዚህ ረገድ ትርጉም አለው። ቆራሄ የወደቀችው ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ነው። በሰሜን ዐድዋና መቀሌ ተይዘዋል፤ ግንባሮቹ ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ሰው ይፈልጉ ነበር። ለሞተ አዛዥ ደጃዝማችነት መስጠት ለቀሩት አዛዦች የተላለፈ ቃል ነበር፦ ቦታውን ሳይለቅ የሞተ በሕይወት ቢተርፍ ያገኘው ከነበረው በላይ ያገኛል። ይህ የሐዘን መግለጫ ብቻ ሳይሆን የጦር ፖሊሲም ነው። ፖሊሲ መሆኑ ክብሩን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሹመትና ሽልማት ሁልጊዜ ሁለቱንም ነበሩ።

ከነጻነት በኋላ የመታሰቢያው መለኪያ ሌላ ሆነ። የአርበኝነት ሜዳሊያ በዱር በገደል የታገሉትን የሚያከብረው ከዘንባባ ጋር ነው፤ ባለ አምስት ዘንባባው አምስቱን ዓመት ሙሉ የታገለ አርበኛ ምልክት ነው። ይህ መለኪያ የሚቆጥረው ጽናትን ነው፤ ቆጠራውም በዓመት ነው። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የሞተ ሰው በዚህ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም፤ አምስቱ ዓመት ገና አልጀመረም። ቅድመ ወረራ የነበረው መደበኛ ጦር ሙታን በሕዝብ ትውስታ ከአርበኞቹ ኋላ የቀሩት በከፊል ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። አፈወርቅ ከእነዚህ ሙታን መካከል ስማቸው ጎልቶ ከቀረው ጥቂቶች አንዱ ናቸው፤ ስማቸውን ያቆየውም ማዕረጉ ነው።

ለተመራማሪ ደግሞ ይኸው ማዕረግ የተግባር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሕይወታቸው ዘመን የተጻፈ ደብዳቤም ሆነ የስልክ መልእክት ግራዝማች ብሎ እንጂ ደጃዝማች ብሎ ሊጠራቸው አይችልም። በመዝገብ ቤት ደጃዝማች አፈወርቅ በሚለው ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የሟቹን መታሰቢያ እንጂ የአዛዡን ሥራ ላያገኝ ይችላል። አንድ ሰነድ ቆራሄ ከመውደቋ በፊት የተጻፈ ነው ተብሎ ቀርቦ ውስጡ «ደጃዝማች አፈወርቅ» ቢል፣ ወይ ቀኑ የተሳሳተ ነው፣ ወይም ኋላ የተገለበጠ ነው።