ፊርማ የሌለውን ምስል ከመሸጥዎ በፊት

«አልተ ዛኸን!» የሚለው የአሮጌ ዕቃ ገዢ ድምፅ በሃዳር ጋኒም ሲያልፍ፣ ከመደርደሪያው አንሥቶ የሚያወጣው ነገር የሚያጣ ቤት ጥቂት ነው። አንዱ የነሐስ ሐውልት ያወጣል፤ ሌላው ከጎንደር የመጣ ትንሽ የሸክላ ምስል። ገዢው ገልበጥ አድርጎ ያያል፤ «ፊርማ የለውም» ብሎ ዋጋውን ያወርዳል። ፊርማ አለመኖሩ ግን ሠሪው አይታወቅም ማለት አይደለም። ከመሸጥዎ በፊት የሚጠየቅ አለ።

ከነሐሱ እንጀምር። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከሳበው ብረት አለበት እንጂ ንጹሕ ነሐስ አይደለም። የማቅለጫ ቤቱ ማኅተም ወይም ቁጥር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ወይም ከኋላው ስለሚሆን ደኅና አድርገው ይመልከቱ። ፎቶ ያንሡ፤ ቁመቱንና ክብደቱን ይጻፉ። በሎሚም በአሸዋም አይፈትጉት። በዕድሜ የመጣው ቀለም ማስረጃ ነው፤ ከተወለወለ ዋጋው ይወርዳል።

የሸክላው ጉዳይ ይበልጥ የእኛ ነው። ከጎንደር በስተ ሰሜን በምትገኘው በወለቃ የቤተ እስራኤል እናቶች ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ከጀበናና ከድስት ሌላ ለጎብኚ አንበሳ፣ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባን ይሠሩ ነበር። ስማቸውን ግን አልጻፉበትም። ዕቃቸው በገበያ ሲፈለግ፣ እነሱ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዳዊት ኮከብ ስላለበት ብቻ «የእናቶቻችን እጅ ነው» ብለው አይግዙ። ወገኖቻችን በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላ፣ በወለቃ የቀሩት ጎረቤቶች ተመሳሳይ ምስል እየሠሩ ለጎብኚ መሸጥ ቀጥለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼና ከማን ተገዛ?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከማንም ባለሙያ በፊት መልስ ያላችሁ እናንተ አባቶችና እናቶች ናችሁ። አፈሩ ከየት ተቆፈረ? እንዴት ተተኮሰ? ማን ሠራችው? የማን ልጅ ነበረች? ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ምስሉን አጠገብዎ አስቀምጦ ድምፅዎን በስልኩ ይቅዳ። ወረቀት ላይም ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አኑሩት።

ለመሸጥ ከወሰኑ ደግሞ፦

• ዋጋ የሚገምተው ሰውና የሚገዛው ሰው አንድ አይሁኑ። ገማቹ የሚከፈለው ቁርጥ ያለ ሒሳብ ይሁን እንጂ ከዋጋው መቶኛ አይሁን።

• ሲገዙም ሲሸጡም ስለ ዕቃው የተነገረው ሁሉ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

• በ1978 በወጣው የእስራኤል የቅርስ ሕግ መሠረት ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት፤ በእንዲህ ያለ ዕቃ ለመነገድም ፈቃድ ያስፈልጋል።

አልተ ዛኸን ነገም ይመለሳል። ምስሉን የሠራችውን እናት ስም የሚያውቁ ሰዎች ግን ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ ጻፉ። ሽያጩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።