ስለ «ሲራኖቹ» በጓዳ የሚወራው

መድረክ ላይ የሚባለው ሌላ ነው። ስላይዱ ይበራል፣ «ማንኛውንም ጂን ዝም ማሰኘት ይቻላል» ይላል፣ ጭብጨባ ይከተላል። በሻይ ሰዓት፣ ስኒ በእጅ፣ አንዱ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጉበት ላይ ነው?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ወሬው ይደምቃል። «ሳንባ ነው» ወይም «ዕጢ ነው» ከተባለ «በርቱ እንግዲህ» ተብሎ ወደ ብስኩቱ ይዞራል። እኔ እዚሁ ሥራ ውስጥ የምውል የወረኢሉ ልጅ ነኝ። የማወራችሁም የሻይ ሰዓቱን ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዲኤንኤ መዝገብ ቤት ተቆልፎበት የሚቀመጥ ዋና ሰነድ ነው። ፕሮቲን ወደሚሠራበት ክፍል የሚወጣው ግልባጩ፣ ሜሴንጀር አርኤንኤ የምንለው ነው። ጂን ዝም የሚያሰኘው ኤስአይ አርኤንኤ ዋናውን አይነካም፤ ግልባጩን ይቆርጣል። 21 ፊደል ገደማ የምትረዝም ድርብ ክር ናት። ሴል ውስጥ ስትገባ አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን አንዱን ክር ይጥልና ሌላውን ይይዛል፤ ከያዘው ክር ጋር የሚገጥም ግልባጭ ባገኘ ቁጥር ይቆርጠዋል። አንዱን ቆርጦ ሌላውን ስለሚቀጥል ትንሽ መጠን ለወራት ይበቃል። ከዚህ የተሠሩት መድኃኒቶች ስማቸው «ሲራን» ላይ ስለሚያልቅ እኛም «ሲራኖቹ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታችም ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፔቱኒያ የተባለ አበባን ሐምራዊ ቀለም ለማድመቅ ተጨማሪ ጂን ያስገቡ ተመራማሪዎች ጂኑ ታፍኖ ነጭ አበባ በቀለባቸው። በ1998 አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ ድርብ አርኤንኤ በትል ውስጥ ጂን እንደሚያፍን አሳዩ፤ በ2006 ኖቤል ተሸለሙበት። ለሕክምና በሩን የከፈተው ግን በ2001 የእነ ቶማስ ቱሽል ሥራ ነው፤ አጫጭሮቹ ክሮች በሰው ሴልም እንደሚሠሩ ያኔ ታየ።

ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይመስላል? ፖስታው ሲከፈት ባዶ የሚመስል ትንሽ ቱቦ ይወጣል። ልምድ የሌለው ተማሪ «ረስተውታል» ይላል። አልረሱም፤ ደርቆ ከታች የተለጠፈ፣ ብርሃን ላይ ካልያዙት የማይታይ ነጭ ስስ ነገር አለ። ክዳኑን ከመክፈት በፊት ሴንትሪፉጅ ላይ ማዞር ግድ ነው፤ አለበለዚያ ያ የደረቀው ቅንጣት ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ይቀርና የወር ሥራ ከጓንት ጋር ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። ጓንት ያልኩት ደግሞ ለወጉ አይደለም፤ የሰው ቆዳ ላይ አርኤንኤን የሚበሉ ኤንዛይሞች ሞልተዋል። ደረቁ ቱቦ ራሱ ያለ በረዶ ቢጓዝ ምንም አይሆንም። መንገድ ላይ የሚበላሸው ክሩን ሴል ውስጥ የሚያስገባው ቅባትና የሴሉ ምግብ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ላብራቶሪ ኤስአይ አርኤንኤው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሥራው ለወራት የሚቆመው።

አሁን ደግሞ ጆሯችሁን አምጡ። ለአንድ ጂን ሦስት ክር ይታዘዛል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፣ አንዱ እንቢ ይላል። መጽሔቱ ላይ የምታዩት ምስል የመጀመሪያው ነው። ይኼ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው የሠራው አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ «ጂኑ ይህን ያደርጋል» ብሎ መደምደም ነው፤ ምክንያቱም ከክሩ ከ2ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ፊደሎች ብቻቸውን ከሌላ ግልባጭ ጋር ከገጠሙ ያልታሰበ ጂን ይታፈናል። ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ክሮች አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጡ እኔ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጣለሁ። በ2008 የወጣው ጥናት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር፦ ለዓይን ሕመም ይሞከሩ የነበሩት ክሮች በአይጥ ዓይን የደም ሥር እንዳያድግ ያደረጉት የታለመውን ጂን በማፈን አልነበረም። ማንኛውም ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ክር የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት እየቀሰቀሰ ያንኑ ያደርግ ነበር። መድኃኒቱ «ይሠራል»፤ የሚሠራው ግን በተባለበት ምክንያት አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ትልልቆቹ ኩባንያዎች መሸሽ የጀመሩት። ሮሽ በ2010 ዘርፉን ዘግቶ ወጣ። መርክ በ2006 ሲርና የተባለውን ኩባንያ በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2014 አልናይላም ለተባለ ኩባንያ በ175 ሚሊዮን ገደማ ሸጠው። ከዚያስ? አልናይላም በነሐሴ 2018 የመጀመሪያውን መድኃኒት ፓቲሲራንን አስፈቀደ፤ ትራንስታይሬቲን የተባለ ፕሮቲን እየተጠራቀመ ነርቭን ለሚጎዳበት የዘር በሽታ። የዓመቱ የመነሻ ዋጋ 450,000 ዶላር። ከዚያ ወዲህ የሸሹትም እየዞሩ መጡ፤ ኖቫርቲስ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ኢንክሊሲራን የያዘውን ኩባንያ ለመግዛት 9.7 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ሮሽም በሌላ በር ተመልሶ ገባ። በሻይ ሰዓት ይህን እያነሳን እንስቃለን። በ2010 ከሥራ የተቀነሱት ይስቁ እንደሆነ እንጃ።

ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር። አንደኛው ኬሚስትሪው ነው፤ ያልታከመ ክር ደም ውስጥ ደቂቃዎችን እንኳ በቅጡ አይቆይም፣ ስለዚህ በየፊደሉ ላይ ፍሎሪንና ሜቲል እየተቀጠለ እንዲጠነክር ተደረገ። ሁለተኛው ስኳር ነው። ጋልናክ የሚባል ስኳር ሦስት ሆኖ ክሩ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፤ የጉበት ሴል ላይ ይህን ስኳር የሚቀበል ተቀባይ በብዛት ስላለ ክሩን ጎትቶ ያስገባዋል። ሌላ አካል ላይ እንዲህ ያለ ምቹ ተቀባይ የለም ለማለት ያስደፍራል። «ጉበት ላይ ነው?» የምንለው ለዚህ ነው። እስካሁን በአሜሪካ የተፈቀዱት ሲራኖች በሙሉ የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ነው። ኢንክሊሲራን እንኳ ጉበት የሚሠራውን ፕሮቲን አፍኖ ነው መጥፎውን ኮሌስትሮል በግማሽ ገደማ የሚያወርደው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በየስድስት ወሩ አንዴ ይወጋል፤ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ለወረኢሉ ጤና ጣቢያ የተሠራ ይመስላል። አሜሪካ ገበያ ሲወጣ አንዱ መርፌ 3,250 ዶላር ነበር፤ እዚያ ላይ ወሬው ያበቃል።

ስለ ስኳሩ ሲወራ ሬቩሲራን መነሳቱ አይቀርም፣ ድምፅም ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ትውልድ የጋልናክ መድኃኒት ነበር፣ ለልብ። በጥቅምት 2016 ሙከራው ሲቆም መድኃኒቱን ከወሰዱት 18 ሰዎች፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 2 ሞተው ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት በቁጥር ከእጥፍ በላይ ቢሆኑም ልዩነቱ ያስደነግጣል። የሞቱ ምክንያት እስከ መጨረሻው ጠርቶ አልወጣም። የአሁኖቹ መጠናቸው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

አገር ቤት ስገባ ስለ ኮሌስትሮል የሚጠይቀኝ የለም። ወረኢሉ፣ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ ሠራዊት ያስከተቱባት ከተማ፣ ዛሬ ስንዴ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት ናት። ከደጋው ወደ ገደሉ ወረድ ሲባል፣ ሽኮኮ በሚውልበት አለት አጠገብ ባሉ መንደሮች፣ የሚጠየቀው ስለ ቁንጭር ነው። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ወጥቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆየው ቁስል። አምጪው ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ይባላል፤ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታጋባው የአሸዋ ዝንብ ናት። ጠበሉም የባህል መድኃኒቱም ተሞክሮ ሳይሆን ሲቀር ጉዞው ወደ ደሴ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። እዚያ የሚጠብቀው አንቲሞኒ ያለበት መርፌ ያማል፤ በጡንቻ ከሆነ በየቀኑ ለአራት ሳምንት ገደማ ነው።

«ይኼን ጥገኛ ተሕዋስ በኤስአይ አርኤንኤ ዝም ማሰኘት አይቻልም ወይ?» የሚል የምርምር ሐሳብ በየጊዜው ብቅ ይላል፤ አንዱን እኔም አንብቤዋለሁ። በጀቱ አምሯል፣ ሥዕሉ አምሯል። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። የእኛዎቹ ሌሽማንያዎች የሚመደቡበት ወገን ግልባጭ ቆራጩን መሣሪያ በዝግመተ ለውጥ ጥሎታል፤ አርጎኖቱ የለም፣ ዳይሰር የሚባለው ረዳቱም የለም። ክሯን ብታስገባለት የሚይዛት የለም። የደቡብ አሜሪካው ሌሽማንያ ብራዚሊየንሲስ ግን መሣሪያው አለው፤ ልዩነቱ በ2010 ታትሞ ወጥቷል። የወባውም ተሕዋስ የለውም፤ ይህ በ2009 ተረጋግጧል። የእንቅልፍ በሽታ አምጪው ትሪፓኖሶማ ብሩሲ አለው። እንግዲህ ትልልቆቹ መከራዎቻችን ወባና ሌሽማንያ ሁለቱም ከዚህ መድኃኒት ውጭ ናቸው። የሚቀረው የሰውዬውን ጂን ማፈን ነው። እዚያም ቢሆን የካላዛር፣ የውስጥ አካሉ ሌሽማንያ፣ ተሕዋስ ጉበት ውስጥ ይኖራል ብሎ መደሰት አያዋጣም፤ የሚኖረው ማክሮፌጅ በተባለ የመከላከያ ሴል ውስጥ ነው፣ ስኳሩ የሚያስገባው ደግሞ ዋናውን የጉበት ሴል ነው። ተመሳሳይ ቤት፣ የተለያየ ክፍል።

ታዲያ ለእኛ የሚሆን የለም? አለ፣ አንድ። እሱንም ሰው የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው።

ከእኛው አገር፣ ከካቤ አካባቢ አንዲት የዘመድ ልጅ ደወለችልኝ። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርቷን አውጥታ፣ ገንዘቡን ተበድራ፣ ለሕክምና ምርመራ ገብታ «አንፊት» (ብቁ አይደለሽም) ተባለች። ሄፓታይተስ ቢ። አንድ ቀን እንኳ አሟት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ቫይረሱን የሚያጠፋ መርፌ ወጣ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ገና ሙከራ ላይ ነው እህቴ። ቶሎ አይደርስም።»

«እናቴ የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል አለው ትላለች።»

«ቅጠሉን ተዪው፤ ጉበትሽን ይጎዳዋል። ደሴ ሂጂና የቫይረሱን መጠን አስለኪ። ታናናሾችሽም ይመርመሩ፣ ከሌለባቸው ይከተቡ። ‹አንፊት› አሉሽ እንጂ ‹ታመሻል› አላሉሽም።»

ያን ምርመራ «አንፊት» የሚያሰኘው ከቫይረሱ ገጽ ላይ የሚገኝ ኤችቢኤስ አንቲጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2016 የታተመ የጥናቶች ስብስብ በኢትዮጵያ ከመቶ 7.4 ሰው ላይ እንዳለ ገምቷል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር በተጀመረው ፕሮግራም ከሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበው ክትትል ተደርጎላቸዋል፣ ሕክምና ያስፈለጋቸውም ቴኖፎቪር ጀምረዋል። ቴኖፎቪር የቫይረሱን መባዛት ይገታል፤ ያንን አንቲጅን ግን እምብዛም አይቀንሰውም። ሲራኖቹ የሚቀንሱት ደግሞ እሱኑ ነው፤ ግልባጩን ስለሚቆርጡ። በሽታው ጉበት ላይ ነው፣ ያውም በዋናው ሴል። ለእኛ ሰው እንዲህ የሚገጥም ሌላ በሽታ አላውቅም።

ግን እዚህም ጓዳ አለ። አሮሄድ የተባለው ኩባንያ ኤአርሲ-520 ብሎ የሠራው መድኃኒት አንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ ዝም አለ። ምክንያቱ የታወቀው በቺምፓንዚዎች ነው፦ ቫይረሱ ከራሱ ዋና ሰነድ ሌላ ቁራሹን የሰው ዲኤንኤ ውስጥ ሰክቶ ነበር፤ ከዚያ ቁራሽ የሚወጣው ግልባጭ ክሩ የሚፈልገው ቦታ ተቆርጦ ቀርቷል። አንቲጅኑ ከሁለት ቦታ እንደሚመጣ ዓለም በቅጡ የተረዳው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ራሱ፣ ማድረሻው በሙከራ ዝንጀሮዎች ላይ ሞት በማስከተሉ፣ በ2016 መጨረሻ ቆመ። ተከታዮቹ ክሮች ሁለቱም ምንጭ ላይ የሚገኘውን ክፍል ዒላማ አደረጉ።

በ2024 መጨረሻ የታተመው የሮሽ ዛልኔሲራን ሙከራ እስካሁን ካየኋቸው ይሻላል። ክሩ የቫይረሱን መባዛት ከሚገታው ከተለመደው መድኃኒት ጋር ብቻ ሲሰጥ፣ ሕክምናው ካበቃ ከ24 ሳምንት በኋላ አንቲጅኑ የጠፋላቸው ከመቶ 7 እና 3 ነበሩ፣ እንደ መጠኑ። ኢንተርፌሮን ሲጨመርበት 23። ዜናው «ፈውስ» እያለ ወጣ። እኛ የምናየው ሌላ ነው፦ ኢንተርፌሮን በየሳምንቱ የሚወጋ፣ ሰውን ለወራት በትኩሳትና በድብርት የሚያስተኛ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ የተሳካላቸውም ከመነሻው አንቲጅናቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ናቸው። ቀሪዎቹ ከመቶ 77ቱ አንቲጅኑ አልጠፋላቸውም።

ሌላም አለ፣ የሻይ ሰዓት ላይ ብቻዬን የማነሳው። ከእነዚህ ሙከራዎች አብዛኞቹ የተካሄዱት በእስያና በአውሮፓ ነው፤ በእስያ የሚበዛው ቫይረስ ቢ እና ሲ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዛው ኤ ነው፣ ከዚያ ዲ ይከተላል። ክሩን የሚነድፉት ሰዎች በሁሉም ዝርያ የማይለዋወጥ ቦታ እንደሚመርጡ ይናገራሉ፤ አምናቸዋለሁም። ሆኖም 21 ፊደል ላይ መሐል ቦታ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አርጎኖት መቁረጡን ሊተው ይችላል። ከደሴ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከወረኢሉ የተወሰደ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ከእነዚያ ፊደሎች ጋር ይገጥም እንደሆነ ማመሳከር ይቻላል፤ መድኃኒቱን መያዝ እንኳ አይጠይቅም። የቫይረሱ ቅደም ተከተል ከተነበበ በኋላ ኮምፒውተር ያለው አንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል።