ቶርኖው ሲንቀጠቀጥ የወፍጮው ሻፍት ይበላሻል
ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በላስታ ደጋ ገብሱና ስንዴው ከአውድማ ከገባ በኋላ የማኅበሩ ወፍጮ አንድ ሳምንት ቢቆም ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይለካም። እናቶችና ልጃገረዶች እህሉን ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ አለበለዚያ ወደ እጅ ወፍጮ ይመለሳሉ። ወፍጮን ከሚያቆሙት ብልሽቶች አንዱ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የሻፍት አንገት መበላት ነው። ሻፍቱን ለማሠራት ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልዲያ ለመድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ተሠርቶ የመጣው ሻፍት ጥሩ ካልሆነ ያ ሁሉ መንገድና ወጪ ከንቱ ይሆናል።

እኛ የሰብል ባለሙያዎች ነን፤ ሆኖም ከማኅበራት ጋር ስንሠራ የወፍጮው ጉዳይ ቶርኖ ቤት ድረስ ይወስደናል። እዚያም ብዙ ጊዜ የምንሰማው «መኪናው አርጅቷል» የሚል መልስ ነው። እርጅና አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አሮጌ ቶርኖ በሚገባ ከተስተካከለ ጥሩ ሻፍት ያወጣል፤ አዲሱም ቢሆን ብረቱ ካልተደገፈ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ዕድሜውን ከመውቀስ በፊት አያያዙን መመርመር ይገባል።

ንዝረት እንዴት ይነሣል?

መቁረጫው ብረቱን ሲገፋ ብረቱ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ወዲያው ተመልሶ ይቃናል። በዚህ ጊዜ በገጹ ላይ ትንሽ ሞገድ ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር መቁረጫው ያንኑ ሞገድ ሲያገኘው እንደገና ይገፋል፤ ንዝረቱም ራሱን እየመገበ ያድጋል። ምልክቱ ጩኸትና እንደ ታረሰ ማሳ ትልም የተሰለፈ ገጽ ነው። ኩሽኔታ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲገባ የሚያርፈው በትልሞቹ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጫፎቹ ወፍጮው ሲሠራ ተጨፍልቀው ያልቃሉ፤ ኩሽኔታው ይላላል፤ ሻፍቱም እንደገና ይበላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በብረት አቆራረጥ ላይ ለብዙ ዓመታት የተመራመረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር በ1906 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፉ ንዝረትን ለባለሙያው እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት ችግሮች ቆጥሮታል። ስለሆነም የቶርኖ ባለሙያውን ከመውቀስ አብሮ በቅደም ተከተል መፈተሽ ይበጃል።

መጀመሪያ ችግሩን ለሁለት መክፈል

መቁረጫው ከብረቱ ርቆ መኪናው ባዶውን ይዙር። ባዶውንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምክንያቱ ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ወይም የመኪናው አቀማመጥ ነው። የሚንቀጠቀጠው ሲቆርጥ ብቻ ከሆነ የሻፍቱ አያያዝ፣ መቁረጫው ወይም ሠረገላው ይመርመር። ሌላም ምልክት አለ። የዙሩ ፍጥነት ሲቀየር የጩኸቱ ድምፅ በዚያው መጠን ከቀጠነ ወይም ከወፈረ የሚዞር ዕቃ ጉድለት ነው፤ ለምሳሌ የቺንጋ መጋጠሚያ ጉብታ። ፍጥነቱ ተቀይሮ ድምፁ ያው ከሆነ ግን ያልተደገፈ ወይም የላላ ነገር አለ።

ወጪ ከሌለው የሚጀምር የፍተሻ ቅደም ተከተል

ሀ. የሻፍቱ አያያዝ። ከመንጋጋው ወጥቶ ያለ ድጋፍ የሚቆመው ርዝመት ከውፍረቱ 3 እጥፍ አይብለጥ። ለ40 ሚሊ ሜትር ሻፍት ይህ 120 ሚሊ ሜትር ነው። ያልተደገፈው ርዝመት እጥፍ ሲሆን በዚያው ግፊት ጉብጠቱ 8 እጥፍ ይሆናልና። ረጅም ሻፍት በቀኝ በኩል ባለው ሾጣጣ ደጋፊ ይያዝ። ሾጣጣው የማይዞር ዓይነት ከሆነ ግራሶ ይቀባ፤ ሻፍቱ ሲሞቅ ስለሚረዝምም በየጊዜው ጥብቀቱ ይታይ። መንጋጋው መበላቱን ለማወቅ በእያንዳንዱ ጥርስ አፍ ላይ ቀጭን ወረቀት አስገብቶ ብረቱን ማጥበቅ ነው። ወረቀቱ ሲሳብ ከወጣ ጥርሱ የሚይዘው በውስጥ በኩል ብቻ ነው።

ለ. መቁረጫው። ከመያዣው የሚወጣው ርዝመት ከራሱ ቁመት አንድ እጥፍ ተኩል አይለፍ፤ ቁመቱ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጫፉ ከሻፍቱ መካከል ጋር እኩል መሆን አለበት። መኪናው ቆሞ ስስ የብረት ማስመሪያ በመቁረጫው ጫፍና በሻፍቱ መካከል በቀስታ ይያዝ። ማስመሪያው ቀጥ ካለ ልክ ነው። የላይኛው ጫፉ ወደ ሠራተኛው ካዘነበለ መቁረጫው ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሻፍቱ ካዘነበለ ከፍ ብሏል። የደነዘዘ ወይም ጫፉ ከመጠን በላይ ሰፊና ድቡልቡል የሆነ መቁረጫ እንደገና ይሳል።

ሐ. ፍጥነቱ። ለተራ ብረትና ለተለመደው የብረት መቁረጫ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ይበቃል፤ ለ40 ሚሊ ሜትር ሻፍት ይህ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ነው። ንዝረት ሲነሣ ዙሩን መቀነስና የመቁረጫውን ጉዞ ጥቂት መጨመር ይሞከር። ጉዞን ከመጠን በላይ ማዘግየት መቁረጫው እንዲያሻሽ እንጂ እንዲቆርጥ አያደርገውም።

መ. ሠረገላው። መኪናው ቆሞ የመቁረጫው መያዣ በእጅ ይገፋ፣ ይሳብ። ከተነቃነቀ የጎን ማጥበቂያ ቡሎኖቹ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ፤ እጀታው ግን ሳይከብድ መዞር አለበት።

ሠ. አቀማመጡ። አራቱም እግሮች ወለሉን መርገጣቸው በወረቀት ይፈተሽ። ክፍተት ካለ ስስ የብረት ቆርቆሮ ይግባበት፤ እንጨትና ካርቶን ስለሚጨመቁ አይሆኑም። በሐዲዱ ሁለት ጫፍ ላይ ውሃ ልክ በአግድም ይቀመጥ። የግንበኛ ውሃ ልክ ለመጀመሪያው ማስተካከያ ብቻ ይጠቅማል።

ረ. ዋናው ዘንግ። ኩሽኔታው በመጨረሻ ይታያል፤ ውድና አድካሚ ነውና። በመንጋጋው የተያዘ ብረት በእንጨት ማንሻ ቀና ሲደረግ በሰዓት መሰል መለኪያ ላይ ጉልህ እንቅስቃሴ ከታየ ኩሽኔታው ልቅ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ሁለት ከተቀየረ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

በብየዳ የተሞላ ሻፍት

የተበላ አንገት ብዙ ጊዜ በብየዳ ተሞልቶ ይቀረጻል። አንድ ማኅበር ያመጣውን ሻፍት ስንመለከት ቶርኖው ያለማቋረጥ ይጮኽ ነበር። ለካ ብየዳው ቶሎ እንዲበርድ ውሃ ተደፍቶበታል። ከተሽከርካሪ ጥራጊ የተወሰደ ብረት እንዲህ ሲደረግ በየቦታው ይጠነክራል፤ መቁረጫውም በጠንካራው ላይ ይዘላል። ስለዚህ የተበየደው ሻፍት በደረቅ አመድ ተቀብሮ በዝግታ ይብረድ፤ መጣመሙ ታይቶ ይቃና፤ ከዚያ ይቀረጽ። የመጀመሪያው አቆራረጥ የብየዳውን ቅርፊት አልፎ የሚገባ ይሁን።

ሻፍቱን ከመረከብ በፊት

1. ከቤት ሲነሡ ኩሽኔታውንና ፑሌጃውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ቁጥሩም ይጻፍ፤ 6208 ቢል 08 በ5 ተባዝቶ 40 ሚሊ ሜትር የሻፍቱ ልክ ነው።
2. ጥፍር በአንገቱ ርዝመት ይጎተት፤ ትልም ከተሰማ አይረከቡ።
3. አንገቱ በሁለት ጫፉና በመካከሉ በማይክሮሜትር ይለካ። ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር ከበለጠ እንዲደገም ይጠየቅ።
4. አንገቱ ቀጥኖ ነጥብ በነጥብ ተመትቶ ወይም ቆርቆሮ ተጠቅልሎበት ኩሽኔታ እንዲጠብቅ የተደረገ ከሆነ አይረከቡ።
5. ሻፍቱ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በርዝመቱ ተደግፎ ይጫን።

በቶርኖ አጠገብ ጋቢና ነጠላ ለብሶ መቆም፣ የመንጋጋውን ቁልፍ በቦታው ትቶ መኪናውን ማስነሣትና የሚዞርን ብረት በእጅ መንካት ሕይወት ያጠፋል። ለመለካት መኪናው ይቁም።

የሻፍቱ ውፍረት፣ የኩሽኔታው ቁጥርና የተሠራበት ቀን በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር። በሚቀጥለው ብልሽት ጊዜ መላው አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል፤ ወፍጮውም ያለ ሥራ የሚቆምባቸው ቀኖች ያጥራሉ።